ዋሽንግተን ደጅ የሚጠናው ማነው?

(ባለፈው እሁድ ጌጃ ሰፈር ለወጣቶች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ያልነበራችሁ ስለጠየቃችሁኝ ሙሉውን ለጥፌዋለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።)

ሥራ ያላችሁ የእረፍት ቀናችሁን ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ። እንደኔ ሥራ የሌላችሁ ደግሞ ያው ሁሉም ቀን እሁድ ነው፣ ቢሆንም አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አሜሪካ ነው። በዚህ ሰፈር «አሜሪካ እንዲህ አደረገችን» ሳይባል ቡና አይጠጣም። ማዕቀብ ሲመጣ አሜሪካ፣ ግድቡ ላይ ጫና ሲበዛ አሜሪካ። ገጻችን ላይ ራሱ ብዙ ላይክ የሚያገኘው ይሄው ነው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አሜሪካ ማን ናት? ቢሮዋ የቱ ጋ ነው? በሯን ብናንኳኳ የሚከፍተው ማነው?

አሜሪካ የሚባል አንድ ሰው የለም። 435 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት አሉ፣ 100 ሴናተሮች አሉ፣ ፕሬዝዳንቱ ከነሚኒስትሮቹ አለ። እያንዳንዱ የራሱ በር አለው፤ በየበሩ ደግሞ ደጅ የሚጠና ሰው ቆሟል። ያ ደጅ ጠኚ ሎቢስት ይባላል። «አሜሪካ ጠላችን» ከማለታችን በፊት በየትኛው በር ማን ገብቶ ምን ወረቀት ሰጥቶ እንደወጣ ብንጠይቅ ይሻላል ነው የምለው።

ደጅ ጥናት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ርስት ሲወሰድባቸው፣ ሹመት ሲፈልጉ፣ የመኳንንቱን ደጅ ወራትና ዓመታት ይጠኑ ነበር። ባለሟል ይፈልጋሉ፣ እጅ መንሻ ይይዛሉ፣ ጌታው ሲወጣ ሲገባ ዝቅ ብለው እጅ ይነሳሉ። ዛሬም እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፍላችሁ ሰው አለ፣ ወረዳ ስትሄዱ ጉዳይ አስፈጻሚ አለ። ሎቢስት ማለት እነዚህ ሁሉ በአንድ ሱፍ ውስጥ ሲሆኑ ነው፤ ባለሟሉም፣ ማመልከቻ ጸሐፊውም፣ ጉዳይ አስፈጻሚውም። ልዩነቱ እዚያ ሥራው ሕጋዊ መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥታቸው ዜጋ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ይላል። በዚያ መብት ላይ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚወጣበት ንግድ ተገንብቷል። አብዛኛው ገንዘብ ከኛ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የመድኃኒት ኩባንያ፣ ባንክ፣ ነዳጅ፣ ጦር መሣሪያ የሚሸጥ፣ ሁሉም የየራሱን ሕግ ለማስጻፍና የማይፈልገውን ለማስቀረት ይከፍላል።

እኛን የሚመለከተው የውጭ መንግሥታት የሚከፍሉት ነው። ለዚህ ከ1938 ጀምሮ የቆየ ሕግ አላቸው፤ ያኔ የናዚ ጀርመንን ቅስቀሳ ለማጋለጥ ነበር የወጣው። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ለውጭ መንግሥት ብሎ ዋሽንግተን ውስጥ ደጅ የሚጠና ሰው ፍትሕ ሚኒስቴራቸው ዘንድ መመዝገብ አለበት። ውሉን ያስገባል፣ ስንት እንደተከፈለው ይጽፋል፣ ለየትኛው እንደራሴ ቢሮ እንደደወለ ያሳውቃል። ይሄ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሞባይል ዳታ ይበላል እንጂ ማንም አይከለክላችሁም።

እዚያ ውስጥ ነው እኔ የሀገሬን መንግሥት ያገኘሁት።

እ.ኤ.አ. ጥር 2017፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ እያለን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ኤስጂአር ከሚባል የዋሽንግተን ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ክፍያው በወር 150,000 ዶላር፣ በዓመት 1.8 ሚሊዮን ዶላር። ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ በወር ከ3 ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው። ከውሉ በኋላ ወር ያህል ቆይቶ ክሪስ ስሚዝ የሚባል የኒው ጀርሲ እንደራሴ በኢትዮጵያ ስላለው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ኤች ሬስ 128 የተባለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። በአንድ በኩል በውጭ ምንዛሪ የተቀጠረ ሎቢስት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል ውስጥ አዳር የሚሠራ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቅ ሐበሻ። ማን የሚያሸንፍ ይመስላችኋል?

የውሳኔ ሐሳቡ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። መሪያችን ከተቀየረ ገና ሳምንት ቢያልፈው ነው።

እንዴት አለፈ? ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ የሚባል ከተማ አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበታል። የዚያ አካባቢ እንደራሴ ማይክ ኮፍማን ሪፐብሊካን ነበር፣ ወንበሩም የሚነቃነቅ ወንበር ነበር። በጥቂት ሺህ ድምፅ ልትወድቅ የምትችል ፖለቲከኛ ስትሆን ጥቂት ሺህ ሐበሻ ብዙ ሰው ነው። ኮፍማን ድጋፉን ሰጠ። የኢትዮጵያ መንግሥት «ይህን ለድምፅ ካቀረባችሁ በጸጥታ ጉዳይ መተባበሬን አቆማለሁ» ብሎ እንዳስፈራራ በይፋ የተናገረውም እሱ ነው። ዲያስፖራው በእሱ በኩል እስከ ምክር ቤቱ የአብላጫው መሪ እስከ ኬቨን ማካርቲ ድረስ ገባ። (ኮፍማን በዚያው ዓመት ኅዳር ምርጫውን ተሸነፈ፤ እኛን ደግፎ መቀመጫው አልተረፈለትም።)

እንዳናጋንን ግን፣ ያ የውሳኔ ሐሳብ ሕግ አይደለም። ማንንም አይቀጣም፣ የአቋም መግለጫ ነው። ሕግ ሲሆን ነገሩ እንዴት እንደሚከብድ በ2007 ታይቷል። ከ97ቱ ምርጫ ግድያና እስር በኋላ ዶናልድ ፔይን የሚባሉ፣ እሳቸውም የኒው ጀርሲ፣ ኤች አር 2003 የተባለውን ረቂቅ አቀረቡ። ይሄኛው ጥርስ ነበረው፤ የጸጥታ እርዳታን ከሰብዓዊ መብት ጋር ያስራል። መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የሚባለውን ትልቅ የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ ነበር። በዚያ ድርጅት ውስጥ ማን ነበር? ዲክ አርሚ፣ የተወካዮች ምክር ቤት የአብላጫው መሪ የነበረ ሰው። አስቡት፤ ትናንት ሕግ ያወጣ የነበረ ሰው ዛሬ የድሮ ጓደኞቹን ቢሮ በተከፈለው ሂሳብ ያንኳኳል። ረቂቁ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሴኔት ሲደርስ ግን ተቀበረ። ድምፅ እንኳ አልተሰጠበትም። ጦራችን ሶማሊያ ነበር፣ ፔንታጎንም እንድንነካ አልፈለገም፤ ስለዚህ ሁሉንም የሎቢስቱ ሥራ ነው አልልም። በዚያች ከተማ ግን አንድን ረቂቅ ለመግደል ማሸነፍ አያስፈልግም። ማዘግየት ይበቃል። የሁለት ዓመቱ ዘመን ሲያልቅ ያልጸደቀ ረቂቅ ሁሉ ይሞታል። ለሎቢስት ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ምንም ነገር እንዳይሆን ነው።

ሌላ የገረመኝን ልንገራችሁ። እነዚያ ቢሮዎች ውስጥ ወረቀቱን የሚያነበው እንደራሴው አይደለም። እንደራሴው ከስብሰባ ስብሰባ ይሮጣል፣ ለቀጣዩ ምርጫ ገንዘብ ይለምናል። የሚያነቡት ረዳቶቹ ናቸው፤ ብዙዎቹ እኛን የሚያክሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆች። አንዷ ልጅ የውጭ ጉዳይንም፣ ግብርናንም፣ ሌላም ነገር በአንድ ላይ ትይዛለች። ኢትዮጵያ ለእሷ ከሃያ ፋይል አንዱ ናት። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ በአንድ ገጽ ላይ ችግሩ ይሄ ነው፣ የምንፈልገው ይሄ ነው፣ እንደራሴሽን የሚጠቅመው በዚህ ነው ብሎ ከሰጣት አለቃዋ ዘንድ የሚደርሰው ያ ገጽ ነው። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ከአድዋ ጀምረን ሦስት ሺህ ዘመን እንተርካለን። ልጅቷ ለስብሰባው የመደበችልን ጊዜ ምኒልክ ወረኢሉ ሳይደርሱ አልቋል።

እሺ፣ ወደ ግድቡ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚህ እንደሆነ አውቃለሁ።

በ2020 መጀመሪያ ድርድሩ ዋሽንግተን፣ በአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ቤት ነበር። የውሃ ጉዳይ ገንዘብ ሚኒስትር ጋ ምን አመጣው ብላችሁ ካልጠየቃችሁ አሁን ጠይቁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ ለመፈረም አልሄድም አለች። ከዚያ በኋላ ጫናው በረታ፤ በመስከረም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እርዳታ ታገደ፣ ኦክቶበር ላይ ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ሲል ሰማነው። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመሐል የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ቦብ ሜኔንዴዝ የሚባል የኒው ጀርሲ ሴናተር ነበር (ኒው ጀርሲ ዛሬ አለቀቀችንም)። በሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ የዴሞክራቶቹ መሪ ነው፤ በኋላም ሊቀ መንበር ሆኗል። ይሄ ኮሚቴ ግብፅ በየዓመቱ የምታገኘውን 1.3 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታ ማዘግየት የሚችል ኮሚቴ ነው። ኤፕሪል 2020 ላይ ለገንዘብና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ደብዳቤ ጻፈ። ስለምን? የህዳሴ ግድብ ድርድር መቆሙ እንዳሳሰበው። ያኔ ለሚያነበው ሰው አንድ አሳቢ ሴናተር የጻፈው ተራ ደብዳቤ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ያንን ደብዳቤ በጉቦ ክስ ውስጥ አስገባው። ኤፍቢአይ ቤቱን ሲፈትሽ ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ፣ ከኮት ኪስ ሳይቀር፣ እና የወርቅ ጡብ አገኘ። በጁላይ 2024 በ16ቱም ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ ከክሶቹ አንዱ ለግብፅ መንግሥት ወኪል ሆኖ መሥራት ነው። በጃንዋሪ 2025 11 ዓመት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ይሄን ሰምታችሁ «ያው፣ ሁሉም ተገዝቷል» ብላችሁ ገጻችን ላይ ልትለጥፉ ነው። ሜኔንዴዝ ያደረገው ሎቢ አይደለም፣ ወንጀል ነው፤ የከሰሰውና የፈረደበትም ያው «አሜሪካ» የምንለው ነው። የግብፅ ዋናው ሥራ ግን ወርቅ አልነበረም። ባይደን ማሸነፉ በታወቀ በቀናት ውስጥ፣ ኖቬምበር 2020፣ ግብፅ ብራውንስታይን የሚባል ድርጅት በወር 65,000 ዶላር ቀጠረች። እዚያ ውስጥ ኤድ ሮይስ አለ፤ የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበረ ሪፐብሊካን። ማርክ ቤጊችም አለ፤ ሴናተር የነበረ ዴሞክራት። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ማን እንደሚመረጥ አይጨነቁም። መሪ ሲቀያየር፣ ካይሮ ውስጥ አብዮት ሲነሳ ሲወድቅ፣ ዋሽንግተን ያለው ደጅ ጠኚያቸው ቦታውን አይለቅም። እኛ የምንቀጥረው ቤታችን ሲቃጠል ነው፤ እሳቱ ሲበርድ ውሉም ይቋረጣል።

በእኛ በኩልም የሠሩ እንዳሉ ሳልናገር አላልፍም። በዚያው በ2020 የጥቁር እንደራሴዎች ጉባኤ የግድቡ ድርድር ከውጭ ጫና ነጻ እንዲሆን መግለጫ አወጣ፤ ቄስ ጄሲ ጃክሰንም ጮኸውልናል። ለዚያ መግለጫ የኛ ሰዎች በየቢሮው ተመላልሰዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የቆየ ታሪክ አለ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አሜሪካ ለተዋጊ ሀገሮች መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ነበራት። ነዳጅን ግን አይጨምርም። የሙሶሊኒ ካሚዮንና አውሮፕላን፣ ያ የመርዝ ጋዝ የረጨው አውሮፕላን ማለት ነው፣ በነዳጅ ነው የሚሄደው። በ1936 መጀመሪያ ላይ ፕሬዝዳንቱ የነዳጅ ሽያጩን ከወትሮው መጠን እንዳያልፍ መገደብ እንዲችል የሚፈቅድ ረቂቅ ለኮንግረስ ቀረበ። በዚህ ጊዜ ጣሊያናውያን አሜሪካኖች ተነሱ። ጄኔሮሶ ፖፕ የሚባል የኒው ዮርክ ሀብታም በሚያሳትመው የጣሊያንኛ ጋዜጣ ሕዝቡን ቀሰቀሰ፤ ከኒው ዮርክ፣ ከቦስተን፣ ከፊላደልፊያ ወደ ኮንግረስ ደብዳቤ ጎረፈ። ምርጫ በዚያው ዓመት ነው። እንደራሴዎቹ ደብዳቤውን ቆጠሩ። በርግጥ «የአውሮፓ ጦርነት ውስጥ አታስገቡን» የሚሉትና የነዳጅ ነጋዴዎቹም ነበሩበት። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1936 የቆየው ሕግ ነዳጅን ሳይጨምር ተራዘመ። የማይጨው ጦርነት መቼ ነው? መጋቢት 22 ቀን 1928 በኛ አቆጣጠር፤ በነሱ ማርች 31። አንድ ወር። ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ለሂትለር ነዳጅ ተከልክሎ ቢሆን በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር እወጣ ነበር እንዳለው አስተርጓሚው ጽፎታል።

ያኔ እኛም ወዳጅ አልነበረንም ማለት አይደለም። ሃርለም ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጥተዋል፣ ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ልዝመት ብለው ተመዝግበዋል። ነገር ግን በደቡብ ግዛቶች አብዛኛው ጥቁር ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ለኮንግረስ አባል ድምፅ የሌለው ሰው እንባ አይቆጠርም። ዶክተር መላኩ በያን፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት፣ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። የተበተነውን ፍቅር ወደ ድርጅት ለመለወጥ ደከሙ። በ1940 ሀገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ እዚያው አረፉ። የመጀመሪያው የኛ ደጅ ጠኚ ማን ነው ብትሉኝ እሳቸውን ነው የምጠራው፤ በስማቸው ስንት ትምህርት ቤት አለ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ወደ ቅርቡ ጦርነት ልመለስ። እዚህ ላይ ድምፃችሁን ከፍ እንደምታደርጉ አውቃለሁ፣ ግን ስሙኝ። በ2021 እና 2022 በኮንግረስ በር ላይ ሁለት ዓይነት ኢትዮጵያዊ ነበር የቆመው። የትግራይ ተወላጆች ቤተሰባቸው በጦርነትና በረሃብ ውስጥ ሆኖ ስልክ ተቆርጦባቸው ነበር፤ ለእናቱ የሚጮህን ሰው ተላላኪ ማለት አልችልም። በሌላ በኩል «በቃ» ብሎ በየከተማው የወጣው ዲያስፖራ ነበር። መንግሥትም ሎቢስት ቀጠረ፣ ሌላውም ወገን ቀጠረ። ያንዱን ወንድም ወረቀት የሌላው ወንድም ወረቀት እንዲያሸንፍ ሁለቱም ለፈረንጅ ከፈሉ።

ውጤቱስ? ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ከአጎአ ወጣን፤ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ልብስ የምንሸጥበት በር ተዘጋ። ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐዋሳ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ያስታወቀው ከዚያ ቀደም ብሎ በኖቬምበር ነው። እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኛ እድሜ እህቶቻችን ናቸው። የትኛውም ሎቢስት ስለነሱ አንድ ገጽ ጽፎ ከሆነ ውጤቱን አላየንም። ኤች አር 6600 የተባለው የማዕቀብ ረቂቅ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ፤ ያቀረበው ቶም ማሊናውስኪም (ከየት እንደሆነ አልናገርም፣ ገምቱ) በኅዳር 2022 ምርጫ ወንበሩን አጣ። የኛ ሰዎች «እኛ ነን የጣልነው» ይላሉ። የምርጫ ክልሉ እንደ አዲስ ተከልሎ ስለከበደው ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን ቀጥሎ የሚመጣው እንደራሴ የመጀመሪያውን ወሬ ከሰማ ለኛ አይከፋም።

እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ምን እናደርጋለን ትሉኝ ይሆናል። ቪዛ የለን፣ ድምፅ የለን። እውነት ነው። ግን ከዚህ መንደር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትል ዘመድ የሌለው ቤት ንገሩኝ። እሁድ ሲደውሉ ምን እንላቸዋለን? ጫማ፣ ስልክ፣ «ትንሽ ነገር ላክልኝ»። አንድ ቀን እንኳ «እንደራሴህ ማን ይባላል? ለምርጫ ተመዝግበሃል?» ብለን አናውቅም። ዜግነት ካገኘ አሥር ዓመት ሆኖት ድምፅ ሰጥቶ የማያውቅ የአክስት ልጅ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። (ብዙ እጅ ወጣ።)

ሌላው ምስሉ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ስንት የሌላ ሀገር ፎቶ የኛ ነው ተብሎ ተለጠፈ? ያቺ የቢሮ ረዳት ፎቶውን በአንድ ደቂቃ ታጣራዋለች። ሐሰት ሆኖ ካገኘችው ቀጥሎ እውነተኛውን ይዘን ስንሄድም አትከፍትልንም። ስለዚህ እዚህ ያለን ሰዎች ሥራችን ቀን፣ ቦታ፣ ስም እያጣሩ መመዝገብ ነው። ይሄ ደሞዝ የለውም፤ እኔም ለደሞዝ የለመድኩት ነገር ስለሌለ አይከብደኝም።

እና አንድ ጥያቄ ለራሳችን መንግሥት። ለሎቢስት በወር ስንት እንደተከፈለ ያነበብኩት ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር መዝገብ ነው። የኛ ግብር ነው፣ የኛ ዶላር ነው። እኔ የጌጃ ሰፈር ልጅ የገዛ ቤቴን ወጪ ለማወቅ የጎረቤት ደብተር ማንበብ አለብኝ? የምክር ቤት እንደራሴያችን እዚህ ሰፈር ሲመጡ ይሄን የሚጠይቅ ሰው እንመድብ።

የኤስጂአርን ውል ከመዝገቡ አውርጄ አራት ኮፒ አሳትሜአለሁ፤ እንግሊዝኛው የከበደው አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ። በሚቀጥለው እሁድ ከምሳ በኋላ እዚሁ አብረን እናነባዋለን። ከዚያ በፊት ሁላችሁም ውጭ ላለ አንድ ዘመዳችሁ ደውላችሁ የእንደራሴውን ስም ጽፋችሁ ኑ። የማያውቀው ከሆነ «አያውቀውም» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱንም እንቆጥረዋለን።